ጅማ ተቀምጦ ቡና ማቆም ይቻላል? ስለ ማረጥ የምታውቁ አካፍሉኝ

የኮቺዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ዕድሜዬ 49 ነው። የወር አበባዬ ከአምና ጀምሮ እንደፈለገው ነው። አንዳንዴ ሁለት ወር ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ አልሄድም ይላል። እሱስ ባልከፋ። ያስመረረኝ ሙቀቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት ቆሜ ድንገት ከደረቴ ተነስቶ ፊቴን ያነደዋል። ላቤ ይንቆረቆራል። ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ ይለኛል። ሌሊት አንሶላው ይረጥባል። ለማይረባ ነገር መጮህ ጀምሬያለሁ። ልጆቼ «እማዬ ምን ሆነሻል?» ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?

መጀመሪያ ወባ መስሎኝ ነበር። እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር ደሜን ይወስዱና «ወባ የለብሽም» ብለው ይሸኙኛል። ስለ ወር አበባዬ የጠየቀኝ የለም። አሁን ደግሞ ጎረቤቴ «ቡና ካላቆምሽ አይለቅሽም» አለችኝ። እኔ ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና ማታ ቡና አለኝ። ከቡናው ይልቅ ሰዎቹን ማጣት ነው የሚከብደኝ። የእኛ ሰፈር ሰው ካልጠራሽው ታመመች ይላል፣ ከጠራሽው ካልጠጣሽ ደግሞ ተቀየመች ይላል።

አንድ ኪኒን ንገሩኝ እያልኩ አይደለም። ምግቡንም፣ እንቅልፉንም፣ ንዴቱንም አንድ ላይ እንዴት ያዛችሁት?


ቡና_ነጋዴው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

ቡና አቁሙ የሚል ሰው ጅማ ውስጥ መታወቂያ እንዴት ተሰጠው?


እትዬ_መንቲና
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

አይዞሽ ልጄ፣ ያልፋል። እኔ 67 ዓመቴ ነው፣ አልፎልኛል። በእኛ ጊዜ የሚነግረን አልነበረም። እናቴ አናቴን ቅቤ ትቀባኝና «ዝም በይ» ትለኝ ነበር። ቅቤው ደስ ይል ነበር፤ ዝምታው ነው የጎዳኝ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሆንኩ አያውቅም ነበር።

ጥሩም ነገር አለው ልበልሽ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ቀን አልቆጥርም። ሱባኤ ስገባ የሚያቋርጠኝ የለም። ያን ጊዜ ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ እንዲያ ባላለቀስኩ።


ሲስተር_ጡረተኛ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡10

የኮቺዋ፣ እኔ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ቅድም የጻፍሽው ሁሉ ከማረጥ በፊት ካለው የሽግግር ጊዜ ጋር ይገጥማል። አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ካላየች ነው። ብዙዎች ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ውስጥ ይደርሱበታል። ከ40 በፊት ከቆመ ግን ሐኪም ማየት አለበት፤ «ቶሎ አረጥኩ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ፦ አንጎላችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ ይህ ክፍል እንደ አዲስ ዘበኛ ይሆናል፤ ድመት ባለፈች ቁጥር ፊሽካ ይነፋል። ትንሽ ሙቀት ሲሰማው ሰውነትሽን ለማቀዝቀዝ የደም ሥር ይከፍታል፣ ላብ ያወጣል። ከዚያ ስለቀዘቀዝሽ ብርድ ይይዝሻል።

ወባ መስሎሽ መመርመርሽ ተገቢ ነው። ጅማ ነው ያለነው። ልዩነቱን ግን ልንገርሽ። የማረጥ ሙቀት ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፣ ቴርሞሜትር ብታደርጊ ትኩሳት አያሳይም። ወባ ግን ቴርሞሜትሩን 38 እና ከዚያ በላይ ያደርሰዋል፣ ለሰዓታት ይቆያል፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ይዞ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ አንድ ላይ ከመጡ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ እንቅርትም አለ። የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ይመታል፣ ሙቀት አይቻልም፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። የታይሮይድ የደም ምርመራ አሠሩኝ በያቸው። ደም ብዙ ከፈሰሰሽ ደግሞ የደም ማነስም አብረው ይዩልሽ።

ከሁሉ በላይ ይህን ያዥ፦ 12 ወር ከቆመ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ብታዪ «ተመለሰልኝ» ብለሽ አትደሰቺ። ዕለቱን ቀጠሮ ያዥ። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፤ አንዳንዴ ግን የማሕፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ነው። በጊዜ ከተያዘ የሚታከም ነው።


የፈረንጅ_አራዳዋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡35

ሲስተር ይቅርታ፣ እኔ የሦስት ወር መርፌ እወጋለሁ፣ 47 ነኝ። የወር አበባዬ ከጠፋ ቆየ። አርጫለሁ ማለት ነው? መርፌውን ላቁም?


ሲስተር_ጡረተኛ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

መርፌው ራሱ የወር አበባ ያጠፋል። ስለዚህ በእሱ ማወቅ አይቻልም። በራስሽ ጊዜ እንዳታቆሚ፤ በ47 ማርገዝ አለ። የተለመደው ምክር ይህ ነው፦ ሆርሞን ያለው መከላከያ የማትጠቀም ሴት ከ50 በታች ሆና የወር አበባዋ ከቆመ ሁለት ዓመት፣ ከ50 በላይ ከሆነች አንድ ዓመት እስኪሞላ እንዳታረግዝ መጠንቀቅ አለባት። መርፌው ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የአጥንት ጥንካሬ ላይም ተጽዕኖ ስላለው፣ በዕድሜሽ ወደ ሌላ ዘዴ መቀየር ይሻል እንደሆነ ከባለሙያዋ ጋር ተመካከሪ።


መድኃኒት_ቤቷ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ወደ ቡናው ልግባ፤ ማንም በቅጡ አልመለሰላትም።

ካፌይን አንዳንድ ሴቶች ላይ ሙቀቱን ያባብሳል። አሜሪካ ያለው ማዮ ክሊኒክ ያካሄደው ጥናት ካፌይን የሚወስዱ ያረጡ ሴቶች በሙቀቱና በላቡ የበለጠ እንደሚቸገሩ አሳይቷል። ግን ጥናቱ በመጠይቅ የተሠራ ነው፤ ቡናው ነው ያመጣው ብሎ አያረጋግጥም። ደግሞ ገና በሽግግር ላይ ያሉት ላይ ካፌይን ከተሻለ ስሜትና ትኩረት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ «ቡና ካላቆምሽ አይለቅሽም» የሚለው ፍርድ ተቸኩሎ የተሰጠ ነው።

እኔ የማታውን ነው የምጠረጥረው። ካፌይን ደም ውስጥ ገብቶ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ አቦል የጠጣሽ ሴት እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ውስጥሽ አለ። በላብ ስትነቂ መልሶ የማያስተኛሽ እሱ ነው። ከሰሉ አጠገብ መቀመጥ፣ የሚፋጅ ስኒ መያዝ፣ ሰው የሞላበት የተዘጋ ክፍል፣ እነዚህም ራሳቸውን ችለው ሙቀት ይቀሰቅሳሉ።

እንዲህ ሞክሪ። የጠዋቱን ያዥ። የከሰዓቱን ከ8 ሰዓት በፊት ጨርሺ፣ በረካውን ተዪው። የማታውን ጀበና ማፍላት አትተዪ፤ ለጎረቤት አፍዪ፣ ለራስሽ ጤና አዳም ጣል ያደረግሽበት ሞቅ ያለ ውሃ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ነገር ያዥ። ከሰሉን ሌላ ሰው ይያዝልሽ፣ አንቺ በር ጋ በርጩማሽን አድርጊ። ለጥቂት ሳምንታት ሙቀቱ የመጣበትን ሰዓትና ቅድመ ሁኔታውን ደብተር ላይ ጻፊ። ለውጥ ከሌለ ቡናሽን ያለ ጸጸት ጠጪ።


የፈቲ_እናት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡05

ቡናውን ሁሉ አወራ፤ ጫቱን ማንም አላነሳም። እኛ ሰፈር ሴቶች ከሰዓት በርጫ ይቀመጣሉ፣ ማታ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ልቤ ይመታል፣ ማረጥ ነው» ይላሉ። እህቶቼ፣ ጫት ልብ ያስመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይከለክላል። እሱን ሳትቀንሱ ማረጥን አትክሰሱ። እኔ በሳምንት አንዴ አድርጌዋለሁ፣ ለበዓል ደግሞ አያያዙን አውቃለሁ ሃሃ።

የእኔ ሌላው ችግር ሶላት ነበር። ደሙ ሲመጣና ሲሄድ የትኛው ሀይድ (ሶላት የሚያስቆም የወር አበባ) እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ግራ ገባኝ። አፍሬ ስቆይ ብዙ ጾም ተበላሸብኝ። መጨረሻ ላይ አንዲት ኡስታዛ ጠየቅኩ፣ በደቂቃ አስረዳችኝ። ሙስሊም እህቶች፣ ጠይቁ፤ ዲኑ ለዚህ መልስ አለው።


ባህላዊ_ፈውስ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡30

ማሕፀን የሚያጸዳ፣ ሙቀት የሚያጠፋ፣ የወር አበባ የሚመልስ ከ7 ዓይነት ሥር የተዘጋጀ አለን። ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም። በውስጥ መስመር ያናግሩን። (ስልክ ቁጥሩን አጥፍተናል። አወያይ)


መድኃኒት_ቤቷ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡10

7ቱን ሥሮች በስም ይጻፉልን። ካልጻፉ ደግሞ እኔ አልገዛም፣ ለደንበኛዬም አልመክርም።

ለሌሎቻችሁ፦ «የወር አበባ የሚመልስ» የሚል ነገር ሲሰጣችሁ ሽሹ። ካረጠች በኋላ ደም የሚያመጣ ነገር ችግር እንጂ ፈውስ አይደለም፤ ሲስተር ከላይ የተናገረችውን እዩ። የቤታችን ነገሮች ሌላ ናቸው። አብሽ፣ ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ በምግብ መጠን ጥሩ ናቸው። ተልባ ለሆድ ድርቀት ይጠቅማል፣ ለሙቀቱ ግን በጥናት ብዙ ለውጥ አላሳየም። አብሽ ስኳር ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሴት አብዝታ እንዳትጠጣው። የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለሙቀቱ ዕፅዋትን አልመከረም። የመከረው የንግግር ሕክምናን፣ ከመጠን በላይ ክብደት ላላት ሴት ክብደት መቀነስን እና አንዳንድ ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶችን ነው።


ጾመኛ_ነኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45

«ወተት ጠጪ፣ አጥንትሽ ይሳሳል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሁሉንም አጽዋማት እጾማለሁ፤ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ወተት አልነካም። እንዴት ልሁን?


ሲስተር_ጡረተኛ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙዎቻችንን ይመለከታል። ካረጥን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል፣ ምክንያቱም ኤስትሮጅን ይጠብቀው ነበር። ከ50 በላይ ላለች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ አለው።

በጾም ደግሞ የእኛ ማዕድ ደካማ አይደለም። ጤፍ ከስንዴም ከሩዝም በካልሲየም ይበልጣል። ጎመን ጥሩ ነው። ቆስጣ ላይ ግን አትታመኚ፤ ካልሲየሙን የሚይዝ ንጥረ ነገር ስላለው ሰውነት ብዙም አይወስደውም። ሰሊጥ ያልተፈተገውን ያዥ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው 90 ሚሊግራም ገደማ አለው። የሰሊጥ ወጥ፣ የሰሊጥ ፍትፍት፣ ሱፍ ላይ መጨመር ነው። ሽሮና ምስር ለጡንቻ የሚያስፈልግሽን ፕሮቲን ይሰጡሻል፤ ጡንቻ ካለሽ አትወድቂም፣ ካልወደቅሽ ዳሌሽ አይሰበርም። በፍስክ ቀን እርጎና አይብ አትዝለይ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ኪኒን አለ። ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ ነው የሚገኘው። የጅማ ክረምት ረጅም ስለሆነ፣ ሰውነትሽም የተሸፈነ ከሆነ፣ ፀሐይ ስትወጣ ፊትና ክንድሽን አውጪ።

ጨውና ስኳር ነገር አደራ። ከማረጥ በኋላ የልብ በሽታ ከፍ ይላል። ግፊታችሁን ተለኩ። ፋርማሲ ውስጥ እንኳ ይለኩላችኋል።


ባል_ነኝ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ለወንድ ይፈቀዳል? ባለቤቴ 52 ዓመቷ ነው። ሌላ ክፍል መተኛት ጀመረች። ስቀርባት ትሸሻለች። ጠልታኛለች ብዬ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር። ይህን ክር ሳነብ ግን ሌላ ነገር መሰለኝ።


እትዬ_መንቲና
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ልጄ ሽማግሌውን ተወውና መጀመሪያ እሷን ራሷን ጠይቃት። በቁጣ አይደለም። ጠዋት ልጆች ሲወጡ።


ሲስተር_ጡረተኛ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ጥሩ አደረግህ መጠየቅህ። ኤስትሮጅን ሲቀንስ ብልት ይደርቃል፣ ይሳሳል። ግንኙነቱ ያማታል። የሚያማትን ነገር ትሸሻለች፤ አንተን አይደለም። አፍራ አትነግርህም ይሆናል። በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ፋርማሲ ይሸጣል። ካልበቃ ሐኪም የሚያዝዘው አነስተኛ መጠን ያለው የኤስትሮጅን ክሬም አለ፤ እዚያው ቦታ ላይ የሚቀባ ነው፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣትና የሽንት ቧንቧ መመርቀዝ ለሚመላለስባትም ይረዳል።

አልጋውን በተመለከተ፣ ለየብቻ ብርድ ልብስ ያዙ። ጋቢውን አንተ ልበስ፣ እሷ ስስ የጥጥ አንሶላ ይብቃት። መስኮቱን ትንሽ ክፈቱ፣ አጎበሩን እንዳትረሱ። ብዙ ትዳር በዚህ ብቻ ወደ አንድ ክፍል ሲመለስ አይቻለሁ።


ባል_ነኝ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡22

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማለስለሻውን የምገዛው ግን ሌላ ሰፈር ሄጄ ነው።


ልጇ_ከአዲስ_አበባ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡40

ስለ ሆርሞን ሕክምና ማንም አልተናገረም። እናቴ ጅማ ናት፣ ሌሊት ሙሉ አትተኛም። ሐኪሟ «ካንሰር ያመጣል» ብሎ አስፈራራት። እውነት ነው?


መድኃኒት_ቤቷ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡00

ፍርሃቱ የመጣው በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተቋረጠ አንድ ትልቅ ጥናት ነው። ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን (ሰው ሠራሽ ፕሮጀስትሮን) አብረው የወሰዱት ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር ትንሽ ጨምሮ ታየ። ነገር ግን የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ቆይተዋል። አሁን ያለው የባለሙያዎች አቋም እንዲህ ነው፦ ከ60 ዓመት በታች የሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ያልሞላት፣ የሚከለክላት በሽታ የሌለባት ሴት ላይ ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ ያመዝናል። ለሙቀቱ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም።

የሚከለክሉት፦ የጡት ካንሰር የነበረባት፣ የደም መርጋት ወይም ስትሮክ የያዛት፣ ከባድ የጉበት በሽታ ያለባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት። ማሕፀን ያላት ሴት ደግሞ ኤስትሮጅን ብቻውን አትወስድም፤ የማሕፀን ግድግዳ እንዳይወፍር ፕሮጀስትሮን ይጨመርላታል። ለዚህ ነው የጎረቤት መድኃኒት ተካፍሎ መዋጥ የማይሆነው።

እናትሽን የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ጋ ውሰጂያት። ዕድሜዋን፣ የቆመበትን ጊዜ፣ ግፊቷን፣ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ጽፈሽ ስጫት፤ እዚያ ስትደርስ ትረሳለች። ሆርሞን የማይሆናት ከሆነ ከድብርት መድኃኒቶች መካከል በአነስተኛ መጠን ሙቀቱን የሚቀንሱ አሉ። «አብደሽ አይደለም፣ ለሙቀቱ ነው» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪያት፣ አለዚያ ወረቀቱን ስታነብ ትጥለዋለች።


ጤና_ተማሪው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡50

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው። እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ወጥተን ቤት ለቤት እንጠይቃለን፤ ዩኒቨርሲቲው በዚህ ይታወቃል። ይህን ክር ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ እናቶች ጤና ስንጠይቅ ሁልጊዜ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው። አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ሴቶችን የሚጠይቀው በዚሁ ዕድሜ ነው። 50 የሞላት እናት በር ላይ ቆማ እያየችን «አንቺን አይመለከትም» ብለን እናልፋለን። የኮቺዋ ክሊኒክ ውስጥ ያልተጠየቀችው ለምን እንደሆነ ይገባኛል።


እትዬ_መንቲና
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡05

ታዲያ ጠይቁን እንጂ ልጄ። እኛ እኮ ቤት ነን።


የኮቺዋ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቴርሞሜትር ገዛሁ። ሙቀቱ ሲይዘኝ ለካሁት፣ 36.8 ነው። ደብተርም ይዣለሁ። የታይሮይድ ምርመራ ሰኞ አለኝ፣ የደም ማነሱንም ጨምሩልኝ አልኳቸው። ማታ ማታ አፈላለሁ፣ አልጠጣም። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ አኮረፉ፣ ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ሁለቱ «እኔም እኮ» አሉ። ከልጆቼ መካከል ለትልቋ ነገርኳት፣ ለወንዱ እሷ ትንገረው ብያለሁ።

ንዴቱ አልለቀቀኝም። እሱ ላይ ምን ትላላችሁ?


ሲስተር_ጡረተኛ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡40

ንዴቱ ግማሹ የእንቅልፍ እጦት ነው፤ እንቅልፍሽ ሲስተካከል ይቀንሳል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ስሜትን ያነሳል፣ አጥንትንም ይጠብቃል። ዳገት ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ለሙቀቱ ግን እርምጃ ብቻውን ብዙ አያደርግም፣ እንዳልዋሽሽ። ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከከፋሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ለሐኪም ተናገሪ፤ ቀን አታሳልፊ።


የፈረንጅ_አራዳዋ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡00

ዳገት ካላችሁ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ጅሬን መውጣት ነው። እሁድ በጠዋት ነፋሻማ ነው። አብረን እንውጣ? 12፡30 ላይ፣ ጃንጥላ ያዙ።


ጾመኛ_ነኝ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡08

እኔ ከቅዳሴ በኋላ ካልሆነ አልችልም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን።


የፈቲ_እናት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡15

ቅዳሜ ይመቸኛል። ዳገቱ ላይ ሮጣ ጥላን የምትሄድ ካለች ግን ካሁኑ ትናገር፤ እኔ ጉልበቴም ያመኛል።